ገና ለምን ቀይና አረንጓዴ ሆነ?

[ምስል፦ ያጌጠ የገና ዛፍ]

ፈረንጆች ገናን ሲያከብሩ ቤቱም ሱቁም ቀይና አረንጓዴ ነው። አሁን አሁን አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎችም እንደዚያው ያጌጣሉ። ለምን እነዚህ ሁለቱ?

መጀመሪያ አረንጓዴው። በሰሜን አውሮፓ ብርዱ ሲገባ አብዛኛው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ባዶውን ይቀራል። ጥድና ሆሊ የሚባለው እሾሃማ ተክል ግን እንደለመለሙ ይከርማሉ። ክርስቲያኖች ይህን ልምላሜ የዘላለም ሕይወት ምልክት አደረጉት። የሆሊን ቀይ ፍሬ የክርስቶስ ደም፣ እሾሁን ደግሞ የእሾህ አክሊሉ ምሳሌ አሉት።

ሌላው ቀይ ፖም ነው። በጀርመን አገር ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበር። የገነትን ታሪክ በተውኔት ሲያሳዩ አረንጓዴ ዛፍ አቁመው ፖም ይሰቅሉበታል። ዛፉ ቆይቶ ወደየቤቱ ገባ። ዛሬ የምንሰቅላቸው ቀያይ ኳሶች የዚያ ፖም ምትክ ናቸው።

[ምስል፦ ፖይንሴቲያ በቅርበት]

እኔ በጣም የምወደው ግን ይሄኛውን፣ ፖይንሴቲያ የሚባለውን ተክል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ታዩታላችሁ። አገሩ ሜክሲኮ ነው። አሜሪካዊው ዲፕሎማት ጆኤል ፖይንሴት በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገሩ ወሰደው፣ ስሙም በእሱ ተጠራ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቀዩ አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው! አበባው መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ቢጫ ነገሮች ናቸው። ሌሊቱ ሲረዝም የላይኞቹ ቅጠሎች ይቀላሉ፤ ለዚህ ነው ለገና የሚደርሰው። ቅጠሉን ቀንጠስ ብታደርጉት ነጭ ወተት ያወጣል። የኛው ቁልቋል ዘመድ ነዋ!

የገና አባትን ቀይ ያለበሰው ኮካ ኮላ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይደለም። ሠዓሊው ሃደን ሰንድብሎም በ1931 (እ.ኤ.አ.) ለኩባንያው መሳል ሳይጀምር በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ላይም ቀይ ለብሶ ይታያል። ማስታወቂያው ያደረገው ነገር መልኩን በዓለም ማዳረስ ነው።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን የገና ዕለት ካህናቱ የሚለብሱት ነጭ ወይም ወርቃማ ነው። ቀይና አረንጓዴው የቤትና የአደባባይ ጌጥ ነው። በኛም ገና ምእመኑ ነጭ በነጭ ሆኖ ነው የሚያስቀድሰው።

ዘንድሮ ቤታችሁን ስታስጌጡ ፕላስቲክ ከመግዛት ከግቢያችሁ ፖይንሴቲያ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ እሳት አስነኩት፣ ወተቱ ይቆማል። እጃችሁን ግን ታጠቡ፤ ወተቱ ቆዳ ያሳክካል።