ጀልባ ላይ ለሚኖር ሰው የጉዞ ኮምፒውተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፦ ታናሽ ወንድሜ መርከበኛ ነው። አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝቶ ቀይ ባሕር ላይ ሊኖርበት አስቧል። ካርታ የሚያሳየው መሣሪያ ውድ ሆነበት። እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ እዚሁ ሠርቼ ልልክለት እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ ወንድሜ። ራስበሪ ፓይ የምትባለዋ ትንሽ ኮምፒውተር፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የጂፒኤስ መቀበያና ኦፕንሲፒኤን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካሉህ ጀልባዋ የት እንዳለች፣ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደምትሄድ ካርታው ላይ ታያለህ። እኔን የሚያሳስበኝ ኤሌክትሪኩ ነው። ጀልባ ላይ ያለው ባትሪ ነው፤ ፍሪጁም አምፖሉም ስልኩም ከሱ ነው የሚወስዱት። እስኪ አስላው፦ ፓይዋና ትንሽ ስክሪን አንድ ላይ 12 ዋት ቢበሉ፣ በ12 ቮልት 1 አምፒር ነው፤ በ24 ሰዓት 24 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳይነካው ሁለት ቀን ቢያቆይህ ነው። ስክሪኑን ለብቻው የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አድርግለት።

12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው መቀየሪያም ቢያንስ 3 አምፒር የሚችል ይሁን። ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ደካማ መቀየሪያ ከሆነ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። መብራት ድንገት ሲሄድ ዕቃ ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም፤ ፓይዋ ፕሮግራሟን የምትይዝበት ትንሽ ካርድ፣ ኤስዲ ካርድ የሚባለው፣ እየተጻፈበት ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ውስጡ ያለው ሊበላሽ ይችላል። በካርዱ ፈንታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ጠንከር ያለ ማከማቻ ብትጠቀም ይሻላል። ካልሆነም ሁሉ ነገር የተጫነበት ሁለተኛ ካርድ ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልለህ ላክለት፣ ይሄን አደራ።

ከካዛንቺስ፦ መሀል ባሕር ላይ ኢንተርኔት ከሌለ ጂፒኤሱ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም እህቴ፣ በቀጥታ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። ስልክሽ ላይ ዳታ የሚበላው ካርታው ነው። ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ ይጫናል። የአሜሪካ የባሕር ካርታዎች በነፃ ይገኛሉ፣ ለቀይ ባሕሩ ግን መግዛት ነው።

ከዚያው ከፒያሳ፣ እናት፦ ቅድም የደወለው ልጄ ነው። ይሄ የምትሉት ነገር ሌሊት ትልቅ መርከብ ሲመጣበት ያሳየዋል?

መልስ፦ ያሳየዋል እናቴ፣ ኤአይኤስ የሚባል መቀበያ ከተጨመረበት። መርከቦች ስማቸውን፣ ያሉበትንና የሚሄዱበትን በሬዲዮ እየነገሩ ነው የሚጓዙት። ከአገር አገር የሚጓዝ መርከብ 300 ግሮስ ቶን (የመርከብ ትልቅነት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይሄን መያዝ ግዴታው ነው። ትንንሽ የእንጨት ጀልባዎች ግን ብዙዎቹ የላቸውም፣ ስክሪኑ ላይም አይወጡም። ስለዚህ ልጅዎ ስክሪኑ ባዶ ነው ብሎ እንዳይተኛ። የወረቀት ካርታና ኮምፓስም ከጎኑ አይለዩ፣ ይሄን እርስዎም ይንገሩት።

ታላቁ ደግሞ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ባትሪና ቻርጀር ላይ ሰክቶ አንድ ሳምንት ሳያጠፋ ያቆየው። ከዚያ መኪና ላይ ጭኖት ቢሾፍቱ ደርሶ ይመለስ፤ የባሕር ካርታ ባይኖርም የሄደበትን መንገድ ያሰምርለታል። ኤአይኤሱን እዚህ መሞከር አይቻልም፣ ሬዲዮው ያን ያህል ሩቅ አይደርስም። እሱን ታናሽየው ወደብ ላይ፣ መርከቦቹን በዓይኑ እያየ ይሞክረው።