ከጉዞው የቀረውን ጓደኛ ስለ መመለስ፦ ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የእግር ጉዞና የሩጫ ማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የዓመቱን የሥራና የሒሳብ ሪፖርት የሚመለከታቸው ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። ላነሣ የምፈልገው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሊገኙ ሲገባቸው ያልተገኙትን ወዳጆቻችንን ጉዳይ ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ አዲስ ዕቅድ ይዘው የሚመዘገቡ፣ ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ አብረውን የሚወጡና የሚወርዱ፣ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ቲሸርቱን ለብሰው እስከ መጨረሻው የሚዘልቁ፣ ከዚያም ጥር ሳይጋመስ ድምፃቸው የሚጠፋ ጓደኞች አሉን። እኛም አብዛኛውን ጊዜ “ሰነፈ” ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

በእኔ እምነት ግን ብዙው ሰው የሚቀረው ስለ ሰነፈ ሳይሆን ስላፈረ ነው። መጀመሪያ በሥራ ወይም በለቅሶ ምክንያት አንድ ሳምንት ይቀራል፤ በተከታዩ ሳምንት “የት ጠፋህ?” መባሉን ይፈራል፤ ጥቂት ከቆየ ደግሞ ትንፋሹ አጥሮ በሰው ፊት ከኋላ መጎተቱ ያሳስበዋል። በዚህ መሀል እኛ በቴሌግራም ቡድናችን የሮጥነውን ኪሎ ሜትር እንለጥፋለን፤ ስለ ቦርጩም እንቀልዳለን። ቀልዱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሰውየው ግን ቡድኑን ድምፅ አልባ አድርጎ ይቀመጣል።

ለዚህ ሰው በቅድሚያ ልንነግረው የሚገባው የቀረባቸው ቀናት ልፋቱን ገደል እንዳልከተቱት ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ አንድ አዲስ ልማድ እስኪሰርጽ በአማካይ 66 ቀናት እንደሚፈጅ፣ ይህም ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀናት ሊለያይ እንደሚችል ገምቷል። አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መያዝ ያን ያህል እንደማያደናቅፍም አሳይቷል። እንግዲህ ጎረቤቱ በወር የለመደውን እሱ በመንፈቅ ቢለምደው የሚያስወቅሰው ነገር የለም።

ሁለተኛው ተስፋ አስቆራጭ ሚዛን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ ንቅንቅ ላይል ይችላል፤ የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ ግን እንደ ድሮው በየፎቁ ቆሞ አይተነፍስም፣ እንቅልፉም ይሻሻላል። እነዚህን የሚያስተውልለት ከራሱ ይልቅ አብሮት የሚሄደው ጓደኛው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች በኋላ ጡንቻው የሚታመመውና ሕመሙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚብሰውም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ስለ ደረሰበት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በቅርቡ ከድሬዳዋ ወይም ከዓረብ አገር የመጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። እየተራመደ ያለ ችግር ማውራት ከቻለ ፍጥነቱ ለእሱ በቂ ነው። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መሆን አለበት ይባል የነበረው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ ቀርቶ፣ ትንሹም ትልቁም እንዲቆጠር ተደርጓል። ይህ ለተዳከመ ጓደኛ ከማንኛውም ምክር የሚበልጥ ዜና ነው።

ከአባላቶቻችን መካከል ይህን ከመመሪያው በፊት ያወቁ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን ብጠራ ስለሚቆጡኝ እተወዋለሁ። የቀረችን ልጅ ሲደውሉላት ለምን እንደ ቀረች አይጠይቁም። “ልጄ፣ ነገ በ12 ሰዓት ከደጅሽ ነኝ፤ እስከ ታክሲ መያዣው ደርሰን እንመለሳለን” ይሏታል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለውሾቹ በትራቸውን ይዘው በሰዓቱ ይገኛሉ። ታክሲ መያዣው ሲደርሱ ልጅቱ “ትንሽ እንቀጥል” ብትል እንኳ “ነገ” ብለው ይመልሷታል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ የተባለው ቦታ ላይ መመለሳቸው ልጅቱ በማግስቱ ሳትፈራ በሩን እንድትከፍት ያደርጋታል። ጎህ ሳይቀድ ብቻቸውን መውጣት ለሚሰጉ ሴቶች ደግሞ እንዲህ ያለ ባልንጀራ ከማበረታቻነት አልፎ ዋስትናም ነው።

ፈጣን ሯጮቻችን “የእኛ ልምምድስ?” እንደሚሉ አውቃለሁ። አንጋፋዋ አትሌታችን ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን፣ ወደ ኋላ መቅረት የጀመረችውን ተፎካካሪዋን ፓውላ ራድክሊፍን አብራት እንድትቀጥል ስታበረታታ እንደነበር ተዘግቧል። ውድድሩን ያሸነፈችው ራሷ ደራርቱ ነበረች። የእሑድ ጠዋት ሩጫችን ከዚያ የሚከብድ አይመስለኝም።

ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ያቀርብላችኋል። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ነባር አባል ከቀሩት አንዱን ወይም አንዷን በኃላፊነት ይዞ በአካል እንዲጠይቅ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ብዙ ሰው በሚቀርባቸው በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወራት ሩጫው በቀላል ጉዞ ተተክቶ ሰዓቱም ከጿሚው አቅም ጋር እንዲስማማ የሚል ነው። ክረምቱንና ጭቃውን በተመለከተ ገና መፍትሔ ስላላገኘን ከእናንተ እንጠብቃለን።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እየገለጽኩ፣ የመጀመሪያውን አጀንዳ እንዲያቀርቡልን ዋና ጸሐፊያችንን በአክብሮት እጋብዛለሁ።