ታትሞ የተቀመጠ ኢሜይል ሙሉ መዝገብ አይደለም፦ ስለ ኢሜይል ክምችት አያያዝ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የኮምፒውተር ክፍል ባልደረቦች፣

ለዓመታት የተጠራቀመ የኢሜይል ክምችት እንዴት ይደራጅ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማደራጀቱ ሁሉ ከላዩ ይሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የኢራን-ኮንትራ ጉዳይ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ሹማምንት በድብቅ ለኢራን መሣሪያ ሸጠው ገንዘቡን ለኒካራጓ አማፂያን ያስተላለፉበት ቅሌት ሲጋለጥ፣ የዋይት ሐውስ ሹማምንት የነበሩት ጆን ፖይንዴክስተርና ኦሊቨር ኖርዝ ፕሮፍስ በተባለው የውስጥ የመልእክት ሥርዓት ውስጥ የነበሯቸውን ከ5,000 በላይ መልእክቶች አጥፍተው ነበር፤ ነገር ግን ለመጠባበቂያ የተቀዱ ቴፖች ስለነበሩ መልእክቶቹ መርማሪዎች እጅ ገቡ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1989፣ የፕሬዚዳንት ሬጋን የሥልጣን ዘመን ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እነዚህ ቴፖች እንዳይደመሰሱ ክስ ተመሠረተ። መንግሥት አስፈላጊው ሁሉ በወረቀት ታትሞ መቀመጡ ይበቃል ብሎ ቢከራከርም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ክርክሩን አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም መልእክቱን ማን እንደላከው፣ ለእነማን እንደደረሰና መቼ እንደደረሰ የሚያሳየው መረጃ ከወረቀቱ ላይ ሊጎድል ይችል ነበር።

ይህ የፍርድ ቤት ክርክር ዛሬም ጠረጴዛችን ላይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት «ቁም ነገር ያለው» የተባለ ኢሜይል ታትሞ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፣ በተለይ የመንግሥት ሥራ በግል የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ሲሠራበት ከቆየ። እያንዳንዱ ኢሜይል ግን አንባቢ የማያየው ራስጌ አለው፤ በውስጡ የመልእክቱ መለያ፣ ለየትኛው መልእክት የተሰጠ መልስ እንደሆነና በየትኞቹ ሰርቨሮች እንዳለፈ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ አንድን ምልልስ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ውሳኔ መልሶ የሚገጣጥመው በዚህ መረጃ ነው። ሲታተም ይህ ይጠፋል፤ አባሪውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል።

ስለ ፋይል ዓይነት ብዙ አልልም። ኤምቦክስና ኢኤምኤል የተባሉት የኢሜይል ማስቀመጫ ቅርጾች በግልጽ የሚታወቁ፣ በብዙ ፕሮግራሞች የሚነበቡ ናቸው። አውትሉክ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀምበት ፒኤስቲ ግን የአንድ ኩባንያ፣ የማይክሮሶፍት፣ ቅርጽ ነው፤ አሮጌው ዓይነት ደግሞ 2 ጊጋባይት ሲደርስ የመበላሸት አደጋ ነበረበት። በፒኤስቲ የተረከባችሁትን እንዳለ አኑሩ፤ ከጎኑም ወደ ኤምቦክስ የተለወጠ ቅጂ አስቀምጡ።

ከማውቃቸው የኢሜይል ክምችት ማደራጃ ሶፍትዌሮች ለእኛ ሙያ የቀረበው ኢፓድ (ePADD) ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በነጻ አወጣው። ሥራው በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፦ መጀመሪያ ባለቤቱ ወይም ተረካቢው ክምችቱን ይመረምራል፤ ቀጥሎ ባለሙያው ያደራጃል፤ ከዚያ ተመራማሪው ከሩቅ ሆኖ የሰውና የቦታ ስሞችን ብቻ እያየ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ሙሉውን ጽሑፍ የሚያነበው ግን በቤተ መዛግብቱ የንባብ ክፍል ውስጥ ነው። እኔን የሚማርከኝ ይህ ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ መዝገብን መደበቅና መዘርገፍ ብቻ ምርጫ እንዳልሆኑ ያሳያል።

መዘርገፍ ምን እንደሚያስከትል ኤንሮን ከተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ አይተናል። ኩባንያው ከወደቀ በኋላ የአሜሪካ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 የ150 ያህል ሰዎችን፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ መልእክቶች ለሕዝብ ለቀቀ። ለምርምር እጅግ ጠቀመ፤ ነገር ግን የሠራተኞች የቤተሰብ ጉዳይና የግል መለያ ቁጥር ጭምር አብሮ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ማጥራትም ቀደም ብሎ የተቀዳውን አይመልስም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ የግል ጉዳይ የያዘውን የመለየቱ ሥራ ሊዘለል አይችልም። ሶፍትዌር ጥርጣሬውን ይጠቁማል፤ ውሳኔው የሰው ነው።

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የውጭዎቹ መሣሪያዎች ይደክማሉ። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየቋንቋው ፊደል ወደሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የአማርኛ ኢሜይል ወይ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፣ ወይ በላቲን ሆሄያት ቦታ የግእዝ ፊደልን በሚያስቀምጡ ፎንቶች። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የምልክት ጋጋታ ነው። እባካችሁ «የተበላሸ ነው» ብላችሁ አታጥፉት፤ ዋናው ሳይነካ እስከቆየ ድረስ የትኛው ምልክት የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያሳየው የፎንቱ ሰንጠረዥ ሲገኝ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል።

ፍለጋውም የራሱ ጣጣ አለው። «ሐምሌ» ብሎ የጠየቀ ሰው «ሀምሌ» የተባለውን አያገኝም፤ «ሚኒስቴር» ብሎ ሙሉ ቃል የፈለገም «ከሚኒስቴሩ» ያመልጠዋል። ስለዚህ ማውጫው ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ መቁጠር አለበት፤ ቅጥያዎችንም መለየት አለበት፤ የመልእክቱ ጽሑፍ ግን እንደተጻፈ ይቆይ። የሰው ስም መለየት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የእንግሊዝኛ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ትልቁን ፊደል እንደ ፍንጭ ይጠቀሙበታል፤ እኛ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ተስፋ፣ ሰላምና ደስታም ሰውም ናቸው፣ ነገርም ናቸው። ይህን በእጅ የሚያርም ባለሙያ መመደብ የግድ ነው።

በመጨረሻ የግዢ ኮሚቴ አባላትን የምጠይቀው አለኝ። የማኅደር ሶፍትዌር ጨረታ ስታወጡ ሻጩ ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት በተወሰደ የአማርኛ የመልእክት ሳጥን ላይ ፍለጋውን በፊታችሁ እንዲያሳይ፣ ከዚያም ያንኑ ሳጥን ከነራስጌውና ከነአባሪው በኤምቦክስ መልሶ እንዲያወጣ በሰነዱ ላይ ጻፉ፤ ማውጣት ካልቻለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትቀበሉት።

አመሰግናለሁ።