የማሰሮውን ፈሳሽ አትድፉት

እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ኔፔንቴስ ነው፤ በቅጠሏ ጫፍ ማሰሮ አንጠልጥላ ነፍሳት ስለምታጠምደው ተክል። ሰው እንደገዛት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ላብላት?» ብሎ ነው። ይገርመኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚገድላት ረሃብ ሳይሆን ውሃ ነውና።

የቧንቧ ውሃ ማዕድን በተተከለችበት መደብ ላይ እየተጠራቀመ ሥሯን ይጎዳል። ብታፈሉትም ውሃው ይተናል እንጂ አብዛኛው ማዕድን እዚያው ይቀራል። የዝናብ ወይም ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ስጧት፤ መለኪያ ካላችሁ የሟሟው ማዕድን በሊትር ከ50 ሚሊግራም አይለፍ። መደቧ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል ለእኩል ይሁን፤ ፍግና ኮምፖስት አይነካት። እርጥብ ትሁን፣ ግን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፏት።

ወደ ማሰሮው ስንመጣ፣ ታች ያለው ፈሳሽ የዝናብ ውሃ አይደለም። ክዳኑ ሳይከፈት ራሷ ያመነጨችው፣ አሲድና ኢንዛይም ያለበት መፍጫ ነው። ጉንዳን ወለላውን ሲልስ፣ እርጥብ ሲሆን የሚያሟልጨው ከንፈር ላይ ተንሸራቶ ይገባል፤ የውስጡ ግድግዳ ሰም ስላለው መውጣት ይከብደዋል። ሬሳው ቢቀፋችሁም አትድፉት፣ አትጠቡት። በጉዞ ላይ ከፈሰሰ ብቻ የማሰሮውን ሩብ ያህል ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩ። እስከ አፉ ከሞላችሁት ኢንዛይሙ ይቀጥናል።

ቤት ውስጥ ነፍሳት ካላገኘች በወር አንዴ፣ ለአንድ ወይም ሁለት ማሰሮ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዝንብ ወይም አንድ ትንሽ ፌንጣ ይበቃታል። በፀረ ተባይ የሞተ አይሁን። ሥጋና አይብማ በፍጹም! ሳይፈጭ ይበሰብስና ማሰሮው ይጠቁራል፣ ቤቱም ይሸታል።

የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተክል የሆነችው ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ ግን ሌላ ናት። የእሷ ማሰሮ በእርግጥም ዝናብ ያጠራቅማል፤ ሬሳውን በአብዛኛው የሚያብላሉላት ባክቴሪያና እዚያው የሚያድጉ እጮች ናቸው። የአንዲት ትንኝ እጮች የብርዱን ወራት ማሰሮው ውስጥ በረዶ ሆነው ያሳልፋሉ። እሷን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ማቆም ይቻላል፤ ኔፔንቴስን አይሆንም።

ኔፔንቴስ የደጋና የቆላ ዓይነቶች አሏት። የፊሊፒንሷ ቬንትሪኮሳ ቀዝቃዛ ሌሊት ስለምትወድ ለአዲስ አበባ ትስማማለች። የቆላዋ አምፑላሪያ ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት ትቀርባለች፤ የኤሲ ደረቅ አየር ግን ጠላቷ ነው።

ማሰሮው ሲያረጅ ከክዳኑ ወደ ታች ይደርቃል። ታችኛው አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ መፍጨቱን ስለሚቀጥል አትቁረጡት፤ ማሰሮው ደርቆም ቅጠሉ ይሠራል። አዲስ ቅጠል ማሰሮ ካላወጣ ብዙዎች አየሩ ደረቀ ብለው ውሃ ይረጫሉ፤ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ብርሃኑን ነው። ወደ ምሥራቅ መስኮት አስጠጓት። ለውጡን የምታዩት በሚቀጥሉት ቅጠሎች ነው፤ ጫፉ የደረቀው ከእንግዲህ ማሰሮ አያወጣም።