እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?

እንደምን አመሻችሁ የድሬ ልጆች! እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን መጣችሁልኝ።

የደቻቱን ወንዝ ነገር ታውቃላችሁ። በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴው ሸራ ዘርግቶ ይሸጥበታል። ደጋው ላይ፣ ደንገጎ በኩል ሲዘንብ ግን ውሃው ከተኛንበት ይመጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት እንደዚያ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ።

መጠለያው ውስጥ ብርድ ልብስ ስናከፋፍል አንዲት እናት ተራ ይዛ ቆማለች። በእጇ የልጅ ጫማ ይዛለች፣ የግራው ብቻ፣ ጭቃው ደርቆበታል። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ብርድ ልብሱን እየሰጣት «ግን ወንዝ ዳር ምን አስቀመጣችሁ?» አላት። አልመለሰችለትም። ጫማውን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ሄደች። እኔም ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያው ሰውዬ ለቅሶ ቤት ቢሆን እንዲህ አይልም ነበር። ለቅሶ እናውቅበታለን። ገብተን እንቀመጣለን፣ «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» እንላለን፣ ቡና ይፈላል፣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ሟች ለምን ሲጋራ ያጨስ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ አንዲት ልጅ ስትደፈር ለምን ሁላችንም መርማሪ እንሆናለን? በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር፣ ማን ጋር ነበርሽ... እኔ እንደሚመስለኝ ፈርተን ነው። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ እኛ ቤት አይደርስማ! የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ግን ተጠያቂ የሚያደርገው ደፋሪውን ነው፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ስለ ቀሚሷ አንድ ቃል አይልም።

ደግሞ ከዓመታት በኋላም «የጎርፍ ተጎጂዋ» እያልን የምንጠራት ሴት ስም አላት እኮ። ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፣ በዋጋ ክርክር የሚችላት የለም።

አሁን ለዕድራችን ዳኞች አንድ ጥያቄ አለኝ። ድንኳናችን የሚተከለው ለሞተ ብቻ ነው። ለተደፈረች፣ ለተደበደበችም የሚደርሱ ሁለት ሴቶች ይመረጡ፤ ሌሊትም ቢሆን ተጠርተው ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ አብረዋት ይሂዱ፣ ምንም ሳይጠይቋት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ እኛ «ምን ለብሳ ነበር» ስንባባል ሰዓቱ ይሄዳል።

አንዷ እኔ ነኝ። ስሜን ጻፉልኝ፣ ስልኬ ሌሊትም አይዘጋም።