ሰውነቴ ሲድን የባሰብኝ መሰለኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አኖሬክሲያ ነው፤ ሰው ከመወፈር ፍርሃት የተነሳ ራሱን የሚያስርብበት የአመጋገብ ሕመም ነው። በተለይ ሰውነት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ሰውነት ከዚያ ሲመለስ ስለሚሆነው ነገር። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ኪሎ አልጠራም፣ ካሎሪም አልጠራም። ምን እበላ እንደነበርና ምን እንደተውኩም አልዘረዝርም። ሕመሙ ውስጥ ያለ ሰው ቁጥር ሲሰማ ወዲያው ከራሱ ጋር ያወዳድረዋል። ያ ውድድር ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ቁጥር የለም።

ስለ ሕመሙ ብዙ ይወራል። ስለ መክሳቱ፣ ስለ መስታወቱ፣ ምግብ ስለ መፍራቱ። ወደ ማገገሙ ሲደረስ ግን ወሬው ባጭሩ ያልቃል፦ «መብላት ጀመረች፣ ዳነች»። እኔ መብላት ከጀመርኩ በኋላ ያሉት ወራት ግን ሰውነቴ በጣም ያስቸገረኝ ወራት ነበሩ። እግሬ አበጠ። ሌሊት በላብ እጠመቅ ነበር። ሆዴ ተነፋ። ፀጉሬ በእፍኝ ወጣ። ይህ ሁሉ እንደሚመጣ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ታዲያ «ምግቡ አልተስማማኝም፣ ብተወው ይሻላል» የሚለው ሐሳብ በየቀኑ ይመጣብኝ ነበር። ብዙ ሰው ወደ ሕመሙ የሚመለሰው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ዛሬ ማይክ ፊት የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። ገቢው የተቋረጠበት ቤት ምን ያደርጋል? መጀመሪያ የማያስፈልገውን ይተዋል። ቀጥሎ የሚያስፈልገውንም ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ የቤት ዕቃ መሸጥ ይጀምራል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። የቆዳ ወዝ፣ ፀጉር፣ ሙቀት፣ የወር አበባ ቶሎ ይቀነሳሉ። ከዚያ ወደ ጡንቻ ይገባል። ልብ ደግሞ ጡንቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልብ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ጤናማ አዋቂ ሰው ባረፈበት ሰዓት ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በአኖሬክሲያ ምቱ ከዚህ ይወርዳል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ይህን አይቶ «የስፖርተኛ ልብ ነው» የሚል ሰው አለ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የስፖርተኛ ልብ ቀስ ብሎ የሚመታው ስለጠነከረ፣ ባንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ነው። በረሃብ የተጎዳ ልብ ግን ጡንቻው ሳስቷል፤ ሰውነቱም ጉልበት ለመቆጠብ ምቱን ዝቅ አድርጎታል።

የኔ ሐኪም መጀመሪያ ያደረገችውን አልረሳውም። አስተኛችኝና ግፊቴንና የልብ ምቴን ለካች። ቀጥላ አስነስታ እንደገና ለካች። ተኝቼ ዝግ ብሎ የነበረው ልብ ስቆም መሮጥ ጀመረ። ግፊቴ ወረደ። ዓይኔ ጨለመብኝ፤ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። ወንበር ሳበችልኝና «ስትነሺ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግሻል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከመልመዴ የተነሳ ምልክት መሆኑ ራሱ ጠፍቶኝ ነበር።

ብርዱም ሌላ ነው። የቤት ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፈት ሲል እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። የጣቶቼ ጫፍ ሰማያዊ ይሆናል። ሰውነት ሙቀቱን ለውስጥ አካላት ስለሚያስቀር ወደ እጅና እግር የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ጀርባና ክንድ ላይ ደግሞ ስስ ለስላሳ ፀጉር ይወጣል፤ ሐኪሞች ላኑጎ ይሉታል። ሲያገግሙ ይጠፋል። ጠንካራ ወንበር ላይ መቀመጥም ያማል፤ በመካከል የሚቀር ሥጋ ስለሌለ አጥንቱ ራሱ ነው ወንበሩን የሚነካው።

ሆድም ይዘገያል። ጨጓራ የገባውን ምግብ ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ አንጀትም ይደርቃል። ስለዚህ ጥቂት ቀምሶ «ጠገብኩ» የሚል ታማሚ ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም። በእውነት ተወጥሮበታል። አስቸጋሪው ነገር የዚህም መድኃኒት ያው መብላት መሆኑ ነው። አዘውትሮ፣ በሰዓቱ ሲበላ ጨጓራው ሥራውን እንደገና ይለምዳል።

አሁን ወደ አጥንት ልምጣ። የአጥንት ነገር ድምፅ የለውም፤ አያምም፣ አይታይም። አንጎል በቂ ጉልበት እንደሌለ ሲያውቅ የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያዘውን ክፍል ያቀዘቅዘዋል። በሴቶች ኤስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቀራል። በወንዶች ቴስቶስቴሮን ይወርዳል። አጥንትን ደግሞ የሚጠብቁት እነዚህ ሆርሞኖች ናቸው። አጥንት ዋናውን ጥንካሬውን የሚያከማቸው በጉርምስናና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ አኖሬክሲያም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚያው ዕድሜ ነው። ለዚህ ነው አንዲት ወጣት ልጅ ላይ የአሮጊት አጥንት የሚገኘው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙዎች አይነገራቸውም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ሲወሰድ ደም በየወሩ ይመጣል። ያ ግን ሰውነቱ አገገመ ማለት አይደለም። አጥንቱንም አያድነውም። እንዲያውም የወር አበባ መቅረቱን ይሸፍናል።

«የደም ምርመራዋ ደህና ነው፣ ስለዚህ ደህና ናት» የሚለውን አባባል በጣም እፈራዋለሁ። ሰውነት ደሙን ሚዛን ላይ ለማቆየት እስከ መጨረሻው ይታገላል። ደህና ውጤት ይዞ ለአደጋ የቀረበ ሰው ብዙ ነው። ማስታወክ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ካለበት ደግሞ ፖታሲየም፣ ልብ በትክክል እንዲመታ የሚያስፈልገው ማዕድን፣ በድንገት ሊወርድና የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ከዚያ በፊት ምንም ምልክት ላይሰጥ ይችላል። መልክም እንደዚሁ አያስታውቅም። ወፍራም የነበረ ሰው ባጭር ጊዜ ብዙ ከቀነሰ፣ ውጭ ላይ «ጤናማ» መስሎ ልቡ እንደ ከሳ ሰው ልብ ሊዘገይ ይችላል። ወንዶችም ይታመማሉ። እነሱን ደግሞ የሚጠይቃቸው እንኳ የለም።

ስለ አእምሮ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ የሚባል ሳይንቲስት 36 ወንዶችን ይዞ ጥናት አደረገ። ሰዎቹ ፈቃደኞች ናቸው፤ በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ ነው የተመረጡት። ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚሻል ለማወቅ ነበር። ምን ሆኑ መሰላችሁ? በረዳቸው። ልባቸው ዘገየ። ፀጉራቸው ሳሳ። ይህ ይጠበቃል። ግን ደግሞ ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያነቡ ጀመር። ትንሿን ምግብ ቆራርጠው፣ ቀላቅለው፣ ረጅም ሰዓት ይበሏታል። ከጓደኛ ራቁ፣ ተከፉ፣ ተነጫነጩ። አንዳቸውም አኖሬክሲያ አልነበረባቸውም። ይህን ሳነብ ከላዬ ላይ ከባድ ሸክም ወረደ። የኔ ጠባይ ናቸው ብዬ ያመንኳቸው ነገሮች፣ ግትርነቱ፣ መነጫነጩ፣ ለሌላው ምግብ እየሠሩ ራስ አለመብላቱ፣ ብዙው የረሃብ ሥራ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ መመለሱ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አደገኛ ናቸው፤ ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ምግብ ሲያገኝ ኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባው ሆርሞን፣ ይጨምራል። ኢንሱሊኑ በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናት ወደ ሴሎች ይከታል። የነበረው ክምችት ባዶ ስለሆነ በደም ውስጥ ያለው በድንገት ያሽቆለቁላል። ልብ ሊቆም፣ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል። ሪፊዲንግ ሲንድረም ይባላል። ስለዚህ በጣም የተጎዳ ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን «ከነገ ጀምሮ እበላለሁ» ብሎ አይጀምር። ደሙ እየተመረመረ፣ ሐኪም እያየው ይጀምር። እናቶችና አባቶች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። በፍቅር ብዛት ባንድ ቀን ልትክሱት የምትፈልጉት ነገር አለ፤ ይገባኛል። ግን ሐኪም ይቅደም።

ከዚያ ያ ያልተነገረኝ ነገር ይመጣል። ጠዋት ካልሲዬን ሳወልቅ የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጎድጉዶ ይቀር ነበር። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ውኃ ነው። ሰውነት ለረጅም ጊዜ ሲነፈገው ስለኖረ ጨውና ውኃ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ሲዘል ሰው ስብ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። እብጠቱ ከበዛ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ለሐኪም ይነገር።

የሌሊቱ ላብ ደግሞ ጠፍቶ የነበረው ምድጃ መልሶ መቀጣጠሉ ነው። ሰውነት ጉልበት ማውጣት ሲጀምር ሙቀቱ ይጨምራል። ረሃቡም ይብሳል። በልቶ ተነስቶ ወዲያው መራብ ያስፈራል። «አሁን በቃ መቆሚያ የለኝም» ያሰኛል። የሚኒሶታ ሰዎችም ምግባቸው ከተመለሰ በኋላ ለወራት አልጠግብ ብለው ነበር። ሰውነት የሸጠውን ዕቃ መልሶ እየገዛ ነው፤ ልብ፣ ጡንቻ፣ አጥንት፣ ደም። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ረሃቡ ይረግባል፤ የሚረግበው ግን ሲሰሙት ነው።

ክብደቱ ሲመለስ መጀመሪያ ሆድና ወገብ አካባቢ ይሰበሰባል። እጅና እግር ቀጭን እንደሆኑ ሆድ ብቻ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ላይ ደግሞ ሰው ያይሻል፤ «ውይ፣ ተመችቶሻል!» ይልሻል። ደስ ብሎት ነው፤ ክፋት የለውም። ለኔ ግን ያቺ ቃል የሳምንት ልፋት ታፈርስብኝ ነበር። ክብደቱ ከተመለሰና ከተጠበቀ በጊዜ ሂደት፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ፣ በመላ ሰውነት ላይ ይከፋፈላል። እዚያ መሐል ላይ ያቆመ ሰው ግን ይህን አያይም። ስለዚህ በአጠገባችሁ የሚያገግም ሰው ካለ ስለ መልኩ ምንም አትበሉ። «ሞላሽ» አይባል፣ «አማረብሽ» ራሱ ይቅር። «ናፍቀሽኝ ነበር» በሉ። ስለ ሥራው፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቁት። አብራችሁት ብሉ፤ ሲበላ አትቁጠሩበት።

ፀጉሩስ? ፀጉር የሚረግፈው ሰውነት ከተጎዳ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወጣው መብላት ከተጀመረ በኋላ ነው። የውኃ መውረጃው ላይ ተጠቅልሎ ሳየው አልቅሻለሁ። የሚረግፈው ግን ያለፈው ረሃብ ፀጉር ነው፤ ከሥሩ አዲሱ እየመጣ ነበር። ግንባሬ ላይ አጫጭር ሆኖ ሲቆም ነው ያመንኩት።

የወር አበባ ከክብደቱ ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ከብዙ ወራት በኋላ ይመለሳል። የአንጎል መጠንም በረሃቡ ጊዜ ይቀንሳል፤ ክብደት ሲመለስ አብዛኛው ይመለሳል። እኔ ያወቅኩት አንድ ቀን ስናወራ ነው። ጓደኛዬ ረጅም ታሪክ ነገረችኝ፤ እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። ስለ ምግብ አላሰብኩም። ከታሪኩ በላይ የገረመኝ መከታተሌ ነበር።

በየጊዜው የምጠየቀው «ሙሉ በሙሉ ይዳናል ወይ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለሕክምና የመጡ ሴቶችን ከ20 ዓመት በላይ ተከታትሏል። በ9ኛው ዓመት ገደማ አኖሬክሲያ ከነበረባቸው ያገገሙት አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ። በ22ኛው ዓመት ገደማ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሆነዋል። እኔ ይህን የማነበው ለቆዩት ሰዎች ነው። «ዓመታት አልፈዋል፣ ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም» ለምትሉት። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላ የዳኑት ብዙ ናቸው።

እኔ አጥንቴ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አሁንም ለዕድሜዬ ከሚገባው በታች ነው፤ ሐኪሜ እየተከታተለችኝ ነው። ልቤ ግን ደህና ነው። ከተኛሁበት ስነሳ ዓይኔ አይጨልምም።

እያዳመጣችሁ ያላችሁ፣ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ደረታችሁን የሚያማችሁ ወይም ልባችሁ የሚዘል ከሆነ፣ ስትቆሙ የምትወድቁ ከሆነ፣ ይህ ለቀጠሮ የሚቆይ ነገር አይደለም። ዛሬውኑ ሂዱና ልባችሁን በኢሲጂ (የልብን ምት በሚመዘግበው ምርመራ)፣ ደማችሁን ደግሞ ለፖታሲየምና ለፎስፌት አስመርምሩ። ተኝታችሁም ቆማችሁም ግፊታችሁን እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ይህን ክፍል ላኩለትና «አብረኸኝ ሂድ» በሉት።