ፍላሹን አትንቀሉት፣ ገና እየጻፈ ነው

(ለኮምፒውተር ላብራቶሪ ባለሙያዎችና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

መምህራን፣ የላብ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሊኑክስ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ከበድ ያለ ቪዲዮ ኮፒ ያደረገ ሰው ይህን አይቶታል። ባሩ ሲነሳ በሰከንድ 300 ሜጋባይት ይላል፤ መሃል ላይ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ 100 ከመቶ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍላሹን ላውጣ ሲሉት «ገና እየተጻፈ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። ትዕግሥቱ ያለቀበት ይነቅለዋል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው የፋይሉ ስም አለ፣ ቪዲዮው ግን አይጫወትም። ፍላሹ አልተበላሸም። ባሩ ላይ ሲታይ የነበረው ፍጥነት የፍላሹ ሳይሆን የራሙ ነበር።

ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የምትልኩትን ዳታ መጀመሪያ ራም ላይ ያስቀምጥና ለኮፒ ፕሮግራሙ «ተቀብያለሁ» ይለዋል። ወደ ፍላሹ የሚያወርደው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው። በመደበኛው ቅንብር ያልተጻፈ ዳታ ከክፍቱ ራም እስከ 20 ከመቶ ድረስ ሊይዝ ይችላል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ብዙ ነገር ካልተከፈተበት ይህ ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ ያን ያህሉን ለማውረድ 100 ሰከንድ ይፈጅበታል። ባሩ «ጨረስኩ» ካለ በኋላ የምትጠብቁት ይህንን ነው።

ተርሚናል ላይ «ሲንክ» ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ትዕዛዙ ራም ላይ የቀረው ሁሉ እስኪወርድ አይመለስም። ስንት እንደቀረ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ፕሮክ ማውጫ ውስጥ ሜምኢንፎ የሚባለውን ፋይል ክፈቱና «ደርቲ» እና «ራይትባክ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ፤ ቁጥሮቹ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ፍላሹን ከሥርዓቱ የሚያላቅቀውን «ዩማውንት» ስጡ። «ታርጌት ኢዝ ቢዚ» ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ራሳችሁ የከፈታችሁት ተርሚናል ነው፤ ፍላሹ ማውጫ ውስጥ ገብታችሁ ቆማችኋል። ካልሆነ «ኤልኤስኦኤፍ» ፋይሉን የያዘውን ፕሮግራም ይነግራችኋል።

አንዳንዶች ፍላሹን «ሲንክ» በሚባለው የማውንት አማራጭ ከፍተው ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ይሞክራሉ። ፋት በሚባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች ፍላሹ ላይ በሚደራጁበት መንገድ) ላይ ይህን አንመክርም። በእያንዳንዷ ትንሽ ጽሕፈት የፋይሎቹ ሰንጠረዥ እንደገና ስለሚጻፍ ኮፒው እንደ ኤሊ ይሄዳል፣ ፍላሹም ያለ ጥቅም ያረጃል። «ፍለሽ» የሚለው አማራጭ ለስለስ ያለ ነው፤ ዳታው ራም ላይ ብዙ ሳይቆይ ቶሎ እንዲወርድ ያደርጋል።

አሁን ማሸጊያው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር እንምጣ። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። ለ8 ስታካፍሉት 60 ሜጋባይት ይሆናል፤ በተግባር የሚገኘው ግን ከ30 እስከ 40 ነው። ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 5 ጊጋቢት ነው። በኋላ 3.1 ጄን 1፣ ቀጥሎም 3.2 ጄን 1 ብለው ስሙን ለዋወጡት፤ ዕቃው ያው ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የመንገዱ ስፋት እንጂ የመኪናው ፍጥነት አይደለም። 3.0 ተብሎ የተሸጠ ርካሽ ፍላሽ በሰከንድ 100 እያነበበ 10 ብቻ ሊጽፍ ይችላል፤ ሻጩ በትልቁ የሚያትመው ደግሞ የንባቡን ነው። «ኤልኤስዩኤስቢ ዳሽ ቲ» ብትሉ ፍላሹ በየትኛው መንገድ እንደተገናኘ ታያላችሁ። 5000 መሆን ሲገባው 480 ካለ፣ ፖርት ቀይሩ፣ ማራዘሚያ ገመድ ካለም አውጡ።

ትክክለኛውን የጽሕፈት ፍጥነት ለማወቅ ዳታ የሚገለብጠው «ዲዲ» የሚባል ትዕዛዝ ይበቃል። ምንጩን ዴቭ ዜሮ (ማለቂያ የሌለው ዜሮ የሚሰጥ ፋይል)፣ መድረሻውን ፍላሹ ላይ ያለ አንድ የሙከራ ፋይል፣ «ቢኤስ» (የአንዱ ቁራጭ መጠን) 4 ሜጋ፣ «ካውንት» (የቁራጮቹ ብዛት) 256 አድርጉ፤ አንድ ጊጋባይት ይጽፋል። መጨረሻ ላይ «ኮንቭ እኩል ነው ኤፍሲንክ» የሚለውን ጨምሩ። እሱን ከረሳችሁ የምትለኩት እንደገና ራሙን ነው፤ በዚህ ስንት የተሳሳተ የፍጥነት ሰንጠረዥ ተሠርቷል! ብዙ ፍላሾች መጀመሪያ ላይ ፈጣን የሆነች ትንሽ ቦታቸውን ስለሚጠቀሙ፣ ካውንቱን ወደ 2000 ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ንባቡን ስትለኩ ደግሞ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ አለበለዚያ ፋይሉ ከራም ይነበባል።

ትንንሽ ፋይሎች ሌላ ፈተና ናቸው። የፍላሹ ሜሞሪ እንደገና ለመጻፍ የሚሰረዘው በትልልቅ ብሎክ፣ ብዙ ጊዜ በሜጋባይቶች ነው። 10,000 ትንንሽ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ስትልኩ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ያንኑ ብሎክ ደጋግሞ ሊያነሳና ሊጥል ይገደዳል። መጀመሪያ በ«ታር» አንድ ፋይል አድርጉና ላኩት፤ ልዩነቱን በሰዓት ታዩታላችሁ።

ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የፍላሹን ስም አረጋግጡ። «ኤስዲቢ ነው» ብሎ በልማድ መሄድ አደገኛ ነው። የውስጥ ዲስኩ ኤንቪኤምኢ (አዲሱ ፈጣን የዲስክ ዓይነት) በሆነ ማሽን ፍላሹ ኤስዲኤ ሊሆን ይችላል፤ በድሮው ማሽን ላይ ኤስዲኤ የሥርዓቱ ዲስክ ነው። «ኤልኤስቢኤልኬ» ብላችሁ መጠኑን እዩ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛው እዚያ 59.6 አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ አልተሰረቃችሁም፣ አቆጣጠሩ በ1024 ስለሆነ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ትዕዛዙን ድገሙት፤ ከዝርዝሩ የጠፋው እሱ ነው።

ከዚያ ፓርቲሽኑን (የፍላሹን ክፍል) ዩማውንት አድርጉና «ዋይፕኤፍኤስ ዳሽ ኤ» በፍላሹ ላይ አስኬዱ። በተለይ ኡቡንቱ የተጻፈበት ፍላሽ የድሮውን ምልክት ይዞ ስለሚቀር፣ ይህን ካልጠረጋችሁ መጠኑ ያነሰ ይመስላል። በ«ፓርቲድ» አዲስ ሰንጠረዥ፣ ከ1 ሜጋባይት ላይ የሚጀምር አንድ ፓርቲሽን ፍጠሩ፤ ዓይነቱንም ንገሩት። ኤክስፋት ለሚባለው የፋይል ሥርዓት የምትሰጡት ዓይነት «ኤንቲኤፍኤስ» ነው፣ አይግረማችሁ፣ ኮዱን ይጋራሉ። ዓይነቱን ከተዋችሁት የሊኑክስ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ዊንዶውስም ላያየው ይችላል።

የፋይል ሥርዓቱን የሚወስነው ፍላሹ የሚሄድበት ቦታ ነው። ፋት 32 አሮጌ ፕሪንተርም የመኪና ራዲዮም ያነበዋል፤ ግን 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም፣ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። ኤክስፋት ያ ገደብ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከርነል 5.7 ጀምሮ ደህና ድጋፍ አለው፣ ለዕለት ሥራም የምንመርጠው እሱን ነው። ኤክስት 4 ሊኑክስ ብቻ ለሚያዩት ይሁን። ፎርማት እንዳለቀ ባለቤቱ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ስለሆነ በ«ሲኤችኦውን» ወደ ራሳችሁ አዙሩት፤ ሌላ ማሽን ላይ የተጠቃሚ ቁጥራችሁ ከተለየ ግን እንደገና ይከለክላችኋል።

አማርኛ ለምንጽፍ አንድ የተለየ ነገር አለ። ኤክስት 4 ለአንድ የፋይል ስም የሚሰጠው 255 ባይት ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደሎች ወደ ባይት በሚለወጡበት ደንብ) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ስማችሁ ከ85 ፊደል አይበልጥም። ፋት 32 እና ኤክስፋት ግን 255 ፊደል ይፈቅዳሉ። ዊንዶውስ ላይ ሙሉ ርዕሱ ስም የሆነለት የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍላሽ ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ «ስሙ ረዝሟል» ብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስሙን እዚያው ፍላሹ ላይ አሳጥሩና ድገሙት። የፍላሹን መጠሪያም በአማርኛ ስትሰጡ ኤክስፋት 11 ፊደል ይቀበላል፤ ኤክስት 4 ግን 16 ባይት ብቻ ስላለው በአምስት ፊደል ትጨርሳላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።